ተጠየቅ! ፖለቲከኛ ቴሌቪዥን ላይ ሲጠየቅ ለምን አፉ ይያዛል?

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠናል። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም የታወቀ ነው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ክረምቱን የሚገፋው በጋቢና በትኩስ ነገር ነው። የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና አልቆ ቃለ መጠይቅ ገባ። እንግዳው አንድ ባለሥልጣን ናቸው። ጋዜጠኛው ስለ አንድ የተጓተተ ሥራ እያነሳ ቆየና "ታዲያ መቼ ያልቃል?" አላቸው።

ባለሥልጣኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ..." አሉ። ከዚያ ቀጥ። ወረቀታቸውን አዩ። ጣሪያውን አዩ። እንደገና "እንግዲህ..." አሉ።

ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ነው። ሻይ ቤቱ ግን በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን መቅረጽ ጀመረ። ሌላው "በቃ፣ ነገ ቲክቶክ ላይ ናቸው!" አለ።

ጥግ ላይ በርኖስ ደርበው የተቀመጡ፣ ከመንዝ የመጡ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም።

ባለሥልጣኑ ወዲያው አገገሙ። አራት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ተናገሩ። ስለ ትኩረት፣ ስለ ርብርብ፣ ስለ ባለድርሻ አካላት። ቤቱ ጸጥ ብሎ ሰማ። ሲጨርሱ አዛውንቱ ወደ ልጆቹ ዞሩና "ለመሆኑ መቼ ነው የሚያልቀው አሉ?" ብለው ጠየቁ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ያልሰማን መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ሁላችንም ሰምተናል። ያልተነገረ ነገር ነው የጠየቁን።

ያን ቀን በሦስቱ ሰከንድ ስቀን አራቱን ደቂቃ አሳለፍናቸው። መንተባተብ አንድ ነገር ነው፣ ማምለጥ ሌላ ነገር ነው። መነሻቸውም የተለያየ ነው። እኛ ግን የምንይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንተባተብ እንጀምር።

ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ተራ የሚቀባበልበት ፍጥነት ይገርማል። በ2009 የወጣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት አለ። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አንድን ቃል አስቦ ከአፍ ለማውጣት ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ሒሳቡ አይገጥምም። የሚገጥመው ጠያቂው ሳይጨርስ እኛ መልሱን ጥደን ማብሰል ስለምንጀምር ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጋዜጠኛው "ባለፈው ዓመት ቃል የገባችሁት የውሃ ፕሮጀክት..." ብሎ ሲጀምር እንግዳው "ምን ላይ ደረሰ?" ሊለኝ ነው ብሎ መልሱን ያሰናዳል። ጋዜጠኛው ግን "...በጀቱ የት እንደገባ ያውቃሉ?" ብሎ ይጨርሳል። የበሰለው ወጥ ተደፋ። ከባዶ ድስት መጀመር ነው፣ ካሜራ እያየ። ያ "እንግዲህ..." የምትለዋ ቃል ድስቱ እስኪጣድ ድረስ የምትነገር ናት።

ሌላው ድንጋጤ ነው። አንድ ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የሚባለው ቅመም በደሙ ይረጫል። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልበዋል። ይህ ከጅብ ለመሮጥ ጥሩ ነው። ቁጥር ለማስታወስ ግን አይሆንም። ለአፍታ ነገሮችን የምንይዝበት የአንጎል ክፍል ያለዚያም ጠባብ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ አራት ነገር ያህል ብቻ ይይዛል ይላሉ። ፖለቲከኛው ስንት ነገር ይዟል? ጥያቄውን፣ መልሱን፣ የፓርቲውን አቋም፣ ትናንት ሌላ ጣቢያ ላይ ያለውን፣ አለቃው እቤቱ ሆኖ እያየው መሆኑን። ሞልቶ ፈሰሰ። መጀመሪያ የሚፈሱት ደግሞ ስሞችና ቁጥሮች ናቸው።

"አፌ ላይ ነበር" እንላለን አይደል? ይህ ነገር በ1966 በሁለት የሃርቫርድ የሥነ ልቦና ሰዎች ተጠንቷል። ሰዎቹ ቃሉ ሲጠፋባቸው እንኳ የመጀመሪያ ፊደሉን፣ የርዝመቱን ነገር ብዙ ጊዜ ያውቁት ነበር። ዕውቀቱ አለ፤ በሩ ነው የተቆለፈው።

ለዚህ የሪክ ፔሪን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። የቴክሳስ ገዥ ነበሩ። በ2011 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ሲፎካከሩ ቴሌቪዥን ላይ "ሥልጣን ስይዝ ሦስት መሥሪያ ቤቶችን እዘጋለሁ" አሉ። ንግድን ጠሩ። ትምህርትን ጠሩ። ሦስተኛው ጠፋ። ፈለጉ፣ ከጎናቸው ያሉት ተፎካካሪ ሳይቀሩ ሊያግዟቸው ሞከሩ። በመጨረሻ "አይ፣ ጠፋኝ" ዓይነት ነገር ብለው ተዉት። እርግጥ ያ ክርክር እንጂ ቃለ መጠይቅ አልነበረም። የጠፋባቸው የኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። በ2017 የተሾሙትስ የት ይመስላችኋል? የኢነርጂ ሚኒስትር ሆነው!

በ2016 ደግሞ ጋሪ ጆንሰን የሚባሉ ሌላ አሜሪካዊ ዕጩ ነበሩ። ጋዜጠኛው "ቢመረጡ ስለ አሌፖ ምን ያደርጋሉ?" ሲላቸው "አሌፖ ምንድን ነው?" ብለው መልሰው ጠየቁት። ያኔ የሶሪያዋ አሌፖ በጦርነት እየነደደች ነው። ሰውየው በኋላ እንዳስረዱት አሌፖ ሲባል የመሰላቸው የአንድ ነገር ምሕጻረ ቃል ነው። እኔ ይህን በሁለት ልብ ነው የማየው። ድንገት ርዕስ ሲቀየር ጆሮ ይሳሳታል፣ እውነት ነው። ግን የዚያን ዓመት ዜና የሚከታተል ሰው ያቺን ስም በምሕጻረ ቃል አይተረጉማትም። አንዳንዱ መደናበር ድንጋጤ ሳይሆን ሳይዘጋጁ መምጣት ነው።

እኔን ራሴን አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። መንገድ ላይ ማይክ ተደቀነብኝ። "እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖሩ?" ነው የተባልኩት። ተወልጄ ያደግኩበት ነው። "ብዙ" አልኩ። "ስንት ይሆናል?" ሲለኝ ዕድሜዬ ጠፋኝ። እውነቴን ነው፣ ዕድሜዬ! ጎረቤቶቼ አንድ ወር ሙሉ ሙድ ያዙብኝ። እስካሁን የሻይ ቤታችን ባለቤት እትዬ ጋ ስገባ "ዕድሜህን አገኘኸው?" የሚሉኝ አሉ።

አንድ የማይታይ ነገር ልጨምር። ብዙ ቃለ መጠይቅ በርቀት ነው የሚካሄደው። እንግዳው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ጥቁር መስታወት እያየ በጆሮው ብቻ ይሰማል። ድምፁ በሳተላይት ከመጣ ደግሞ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ለዚያ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። መልሱም ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ በሳተላይት ከርቀት የሚጠየቅ ሰው ሁሉ ግማሽ ሰከንድ ፈዝዞ ይታያል። እኛ ደግሞ ዐይኑን እያየን "ተያዘ!" እንላለን። ምንም አልተያዘም፤ ጥያቄው ገና እየመጣ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ።

አንዳንድ ጥያቄ አለ፣ መልሱ ሳይጠፋ አፍ የሚያስይዝ። አንድ ተመራጭ ይህን ቢጠየቅ አስቡት። "ያለው በጀት ለአንድ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የመንዙ ይሠራ ወይስ የመርሐ ቤቴው?" የመንዙን ካለ መርሐ ቤቴ ላይ አይታይም። የመርሐ ቤቴውን ካለ የመንዟ መሐል ሜዳ አይገባም። "አላውቅም" ካለ ደግሞ ለምን ተመረጥክ ይባላል። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ውስጥ እንደመንዳት ነው፣ በዚህም ገደል በዚያም ገደል። ምን ይላል? "ሁሉም አካባቢዎች በእኩል ዐይን ይታያሉ" ይላላ!

ጃኔት ባቬላስ የሚባሉ የካናዳ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አጥንተዋል። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ሰው ነገር የሚያድበሰብሰው ተፈጥሮው ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ያሉት ቀጥተኛ መልሶች ሁሉ የሚጎዱት ሲሆኑ ነው። ጎረቤት የሠራችውን መጥፎ ወጥ "እንዴት ነው?" ብትላችሁ የምትሉትን አስታውሱ። "ደግ ነው፣ እጅሽ ይባረክ፣ በርበሬው ከየት ነው?" ይህ ፖለቲካ ነው።

ዋናው የዚህ ምሳሌ በ1997 በእንግሊዙ ቢቢሲ የታየው ነው። ማይክል ሀዋርድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ጋዜጠኛው ጄረሚ ፓክስማን ስለ እስር ቤቶች ኃላፊው ጠየቃቸው። ጥያቄው "ውሳኔህን እሽራለሁ ብለው አስፈራርተውታል?" የሚል ነው። ሀዋርድ "እሱን ለማዘዝ ሥልጣን አልነበረኝም፣ አላዘዝኩትም" ዓይነት መልስ ሰጡ። የተጠየቁት ግን ማዘዛቸውን አይደለም፣ ማስፈራራታቸውን ነው። ፓክስማን ያንኑ ጥያቄ ደገመ። ሠለሰ። ቃሉን እምብዛም ሳይቀይር፣ ከአሥር ጊዜ በላይ! "አዎ" ቢሉ አለቅነታቸው ይነቀፋል። "የለም" ቢሉ የሚቃወም ምስክር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በመሐል ቆሙ።

የሚያስቀው ፓክስማን በኋላ የተናገረው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚገባው ዝግጅት ስላልደረሰ ጊዜ መግፋት ነበረበት። እንዲያ ዝነኛ የሆነው ጽናት ግማሹ የአዘጋጆቹ መዘግየት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አሳየን። ሀዋርድ አልተንተባተቡም። አንድም ቃል አልጠፋቸውም። አንደበታቸው እንደተፈታ ነው ያመለጡት። ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

የሀዋርድ ተቃራኒ አሜሪካዊው ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ናቸው። በ1979 ሮጀር መድ የሚባል የሲቢኤስ ጋዜጠኛ "ፕሬዚዳንት መሆን ለምን ይፈልጋሉ?" አላቸው። የዓለም ቀላሉ ጥያቄ ይመስላል። ኬኔዲ ዝም አሉ፣ ጀመሩ፣ አቋረጡ፣ ስለ አገሪቱ የተፈጥሮ ሀብት ምናምን ተናገሩ። ፖለቲካ ውስጥ የተወለዱ ሰው፣ ሁለት ወንድሞቻቸው የሞቱበትን መንገድ የጀመሩ ሰው ይህን አጡት። ዕጩነታቸውን በይፋ ያላወጁበት ሰሞን ስለነበረ እጃቸው ታስሮ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከባዱ ጥያቄ ሁልጊዜ "ለምን?" ይመስለኛል። "ስንት?" የሚለውን ጸሐፊ ጽፎ ይሰጥሃል። "ለምን?" የሚለውን ግን ማንም አይጽፍልህም።

እሺ፣ ማምለጥስ እንዴት ይሠራል?

የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ቡል ከባልደረባቸው ጋር የ1987ቱን የእንግሊዝ ምርጫ ቃለ መጠይቆች ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸርም፣ ተፎካካሪያቸው ኒል ኪኖክም ከተጠየቁት በትክክል የመለሱት ከ40 በመቶ በታች ነው። ሁለቱም! ያመለጡባቸውን መንገዶች ሲደረድሩ 30 ያህል ዓይነት ሆነ። ጥያቄውን መንቀፍ፣ ጠያቂውን መንቀፍ፣ ግማሹን መልሶ መተው፣ "ቀደም ሲል መልሻለሁ" ማለት፣ ሌላም ሌላም።

በ2011 ደግሞ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች፣ ቶድ ሮጀርስና ማይክል ኖርተን፣ አንድ ተንኮል የሚመስል ሙከራ ሠሩ። አንድ ሰው ስለ ጤና አገልግሎት የሰጠውን ያንኑ መልስ ለተለያዩ ጥያቄዎች አጣበቁት። አንዳንዱ ተመልካች ጥያቄው ስለ ጤና አገልግሎት ሲሆን አየ። ሌላው ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሲሆን አየ። ሌላው ስለ ሽብር ሲሆን። ጥያቄው ሽብር፣ መልሱ ጤና ሲሆን ሰዎች ነቁ። ጥያቄው አደንዛዥ ዕፅ፣ መልሱ ጤና ሲሆን ግን ብዙዎቹ አላስተዋሉም። ትንሽ የሚቀራረብ ርዕስ ላይ ከተሄደ፣ አነጋገሩም ካማረ፣ ጥያቄው ራሱ ከአድማጩ ጭንቅላት ይጠፋል። ጥያቄው በጽሑፍ ስክሪን ላይ እንዲቆይ ሲደረግ ግን ማምለጡን የሚይዘው ሰው በዛ።

የኛ ሻይ ቤት እንዲህ ነው የተሸነፈው።

አማርኛ ለማምለጥ የተመቸ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። "አቅጣጫ ተቀምጧል" የምትለውን ውሰዷት። ማን አስቀመጠው? የለም። "በትኩረት እየተሠራ ነው።" ማን እየሠራ ነው? የለም። ግሡ አለ፣ ባለቤቱ ጠፍቷል። አርሶ አደር እንዲህ አያወራም። "በሬው ጠፍቷል" ቢል እንኳ ቀጥሎ "ማን ፈታው?" የሚል አለ። በዚያ ላይ ማሰሪያው መጨረሻ ስለሆነ ተናጋሪው "ነው" ይሁን "አይደለም" ሳይወስን ሁለት ደቂቃ መጓዝ ይችላል። የጋዜጠኛውን ፊት እያየ ይወስናል።

ጋዜጠኛውም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። ሦስት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ የሚጠይቅ አለ። "መቼ ተጀመረ፣ ለምን ዘገየ፣ ሕዝቡስ ምን ይጠብቅ?" እንግዳው ከሦስቱ ቀላሏን መርጦ ይመልሳል። ሁለቱ ቀሩ። ይሉኝታም አለ። "ክቡር ሚኒስትር፣ ይህን አልመለሱልኝም" ማለት እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። ታላቅ ሲናገር አይቋረጥም ተብለን ነው ያደግነው። ግን ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ስለዚህ መድገሙ ድፍረት አይደለም፣ ሥራ ነው።

ለነገሩ ይሉኝታ ሁልጊዜ አልነበረንም። ርዕሴን "ተጠየቅ" ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። ያን ምሽት ሳቁ ሲበርድ አዛውንቱ ስለ ዱሮ ሙግት ነገሩን። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። "ቁራኛ" የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬ "የአልጋ ቁራኛ" ስንል የምንጠራው ቃል። ዳኛ ከሌለ መንገደኛ ተይዞ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ተሟጋቹ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ "በላ ልበልሃ!" ይላል። "ተጠየቅ!" ይላል። በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። አነጋገር ያማረ መሆኑ ይወደዳል፣ ቅኔም ይገባበታል።

"ግን እኮ" አሉ አዛውንቱ፣ "አምሮ ቢናገርም ተጠየቅ የተባለውን ካልመለሰ ከበው የቆሙት ያጉረመርማሉ። ስንቱን ነገረኛ ሰው በማጉረምረም አስመልሰነዋል መሰላችሁ!"

የዱሮው ሙግት ሁሉ ፍትሕ ነበር ማለቴ አይደለም። አፈ ጮሌው አፉን ያልፈታውን ብዙ ጊዜ ረትቶበታል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እዚያ ጥያቄው በሁሉም ጆሮ ነበረች። የሃርቫርዶቹ ስክሪን ላይ የጻፉትን የኛ ሰዎች በማጉረምረም ይዘውት ነበር።

አሁን የተገላቢጦሽ ነው። ዳንኤል ሃሊን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ዜና ውስጥ የአንድ ዕጩ ድምፅ ሳይቋረጥ የሚሰማበትን ጊዜ ለክቶ ነበር። በ1968 በአማካይ 43 ሰከንድ፣ በ1988 ወደ 9 ሰከንድ። ያኔ ቲክቶክ የለም! እንዲህ ሲቆራረጥ የሚተርፈው መንተባተቡ ነው። መንተባተብ በሦስት ሰከንድ ይታያል። ማምለጥን ለማሳየት ግን ጥያቄውንም መልሱንም ሙሉውን ማሳየት ይጠይቃል፣ ማን ያያል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቪዲዮ ከተቀረጸ ወዲህማ ወጌሻም የለውም።

ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። ቃለ መጠይቅ ሳይ ጥያቄውን በሻይ ቤቱ ደረሰኝ ጀርባ እጽፋለሁ። መልሱ ሲያልቅ ወረቀቱን አየዋለሁ። እትዬ መጀመሪያ ዕዳ የማሰላ መስሏቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዛውንቱ ለገበያ መጥተው እንደገና አብረን አየን። ሌላ እንግዳ ነው፣ ጥያቄው ግን ያው፣ "መቼ ያልቃል?" ሰውየው አንዴም አልተደናቀፉም። ማንም አልሳቀ። ሲያልቅ አዛውንቱ ወረቀቴን እያዩ "እህ፣ ምን አሉ?" አሉኝ።

"አቅጣጫ ተቀምጧል አሉ፣ አባባ።"

ሻያቸውን አስቀመጡ። "የቱ አቅጣጫ? ወደ መንዝ ነው ወደ ጅሩ?"